በኮቪድ ጊዜ የተጀመረ የትኩረት መድኃኒት፦ ይቀጥል ወይስ ይቁም?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አሁን 15 ዓመቷ ነው። በኮቪድ ወቅት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከቤት ስትማር ፈጽሞ አልሆንላት አለ። በ11 ዓመቷ አንድ ሐኪም በቪዲዮ አነጋግሯት ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) አለባት ብሎ ሜቲልፌኒዴት የሚባል አነቃቂ መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱን ስትወስድ ለውጥ አይተናል። አሁን ግን ባለቤቴ ‹ያኔ ያልፈዘዘ ልጅ ማን ነበር? የወረርሽኝ ጊዜ ምርመራ ነው፣ ይቁም› ይላል። እኔ ደግሞ ባይኖርባት ኖሮ መድኃኒቱ ባልሠራላት ነበር እላለሁ። ቅዳሜና እሁድ አንሰጣትም። መድኃኒቱ ሲጠፋ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ኪኒን ለሁለት እየከፈልን እናብቃቃለን። በዚያ ጊዜ ለብዙ ወጣቶች ያለ አግባብ ታዘዘ የሚባለው እውነት ነው? እናቁም?»

ከመጨረሻው ልጀምር። መድኃኒቱን ዛሬ አታቁሙ። ኪኒኑን ለሁለት መክፈሉን ግን ዛሬውኑ አቁሙ።

ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ኪኒን እንደ ተራ ኪኒን አይታይም። መድኃኒቱ በብዙ ሰዓታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። እስከ 12 ሰዓት የሚያቆይ ዓይነትም አለ። አብዛኛው ሲሰበር ወይም ሲፈጭ ያ አሠራሩ ይበላሻል። ለሙሉ ቀን የታሰበው ባንዴ ይለቀቃል። ልጅቷ ጠዋት ልቧ ይመታል፣ ትቁነጠነጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰውነቷ ውስጥ ምንም የለም። እናንተ ግማሽ መጠን የሰጣችኋት ይመስላችኋል። እሷ ግን ጠዋት ብዙ፣ ማታ ባዶ ነው የደረሳት። እየተከፈተ ምግብ ላይ የሚነሰነስ የካፕሱል ዓይነት አለ፤ እሱም ቢሆን ውስጡ ያሉት ፍሬዎች አይታኘኩም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መድኃኒት ቤቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ እንምጣ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ከእርስዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም የእርስዎ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ሐኪሞችም ሲሳሳቱት አይቻለሁ።

«መድኃኒቱ ስለሠራላት በሽታው አለባት» የሚለው አያስኬድም። አነቃቂ መድኃኒት የማንንም ሰው ትኩረት ሊያሻሽል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ምንም ችግር ለሌለባቸው 14 ወንድ ልጆች የአምፌታሚን ዘር የሆነ አነቃቂ መድኃኒት በሙከራ ተሰጥቷቸው ነበር። መቅበጥበጣቸው ቀነሰ፣ ትኩረታቸውም ተሻሻለ። ለውጡ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰል ነበር። ስለዚህ የመድኃኒቱ መሥራት መድኃኒቱ መሥራቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ምርመራውን አያረጋግጥም።

ወደ ባለቤትዎ ስመጣ፣ «ያኔ ያልፈዘዘ ማን ነበር?» ማለታቸው ልክ ነው። ከዚያ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው ልክ ያልሆነው።

ኤዲኤችዲ በወረርሽኝ አይመጣም። ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው። በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በልጆች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመዘኛ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት እንዳለባቸው ይጠይቃል። ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ መሆን አለባቸው። ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። ኑሮን የሚያውኩም መሆን አለባቸው። አንድ ልጅ እስከ መጋቢት ድረስ ምንም ሳይሆን ቆይቶ በሚያዝያ ድንገት መፍዘዝ ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ሌላ ምክንያት ነው።

ታዲያ ወረርሽኙ ምን አደረገ? መደገፊያውን ወሰደው። ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ ሳያውቀው በብዙ ነገር ተደግፎ ነው የሚውለው። ደወል አለ። ጠዋት በእግር መሄድ አለ። አጠገቡ ደብተር የምትገልጥ ጓደኛ አለች፤ እሷን አይቶ እሱም ይገልጣል። በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረች ጠረጴዛውን መታ የምታደርግ መምህር አለች። እረፍት ላይ ሩጫ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። የዩኔስኮ ቁጥር እንደሚለው መዘጋቱ ጣሪያ በነካበት በሚያዝያ 2020 ገደማ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ቤት ቀርተው ነበር። በቦታው የመጣው ስክሪን ነው። ትምህርቱም ጨዋታውም መልእክቱም በዚያው ስክሪን። ለዚህ ልጅ ይህ ማለት ጾመኛን ወጥ ቤት አስቀምጦ ጹም እንደማለት ነው።

ስለዚህ ድሮም ችግሩ የነበረባቸው፣ ግን በድጋፍ የቆሙ ልጆች ያኔ ወደቁ። በተለይ ሴት ልጆች። ዝም ብለው የሚፈዝዙ፣ ክፍል የማይረብሹ፣ «ጨዋ ናት» እየተባሉ የሚታለፉ። ወላጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲማሩ አየ። አንዲትን ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ሲፈጅባቸው አየ። ይህ አዲስ በሽታ አይደለም፤ የቆየው ነው የታየው።

በዚያው ጊዜ ግን ኤዲኤችዲ የሌለባቸው ልጆችም በትክክል ይህንኑ ይመስሉ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲተኙ ከርመው ጠዋት ትምህርት ላይ የሚያንቀላፉ። ሰው የሞተባቸው። ቤት ውስጥ ጠብ የበዛባቸው። ጭንቀት የያዛቸው። ድባቴ ውስጥ የገቡ። ከኮቪድ ካገገሙ በኋላም አእምሯቸው ለወራት የደከመባቸው። የእነዚህ ሁሉ ትኩረት ይበተናል። በአንድ ስክሪን ላይ ለግማሽ ሰዓት ስታያቸው ማን ከማን እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም።

«ያለ አግባብ ታዘዘ» የሚለውን ወሬ ደግሞ በቁጥር እንየው። ሰው የሚያስበው ወረርሽኙ ገባ፣ ማዘዣው ተተኮሰ ብሎ ነው። እንደዚያ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዙ ቦታ አዲስ ማዘዣ ቀነሰ። ክሊኒኮች ተዘግተዋል። ልጁን ወደ ሐኪም የሚልከው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ልጁን አያየውም። መድኃኒት የሚወስዱትም ቢሆኑ ቤተሰባቸው «ቤት ነው ያለው፣ ለምን ይወስዳል?» እያለ ተወት ያደረገላቸው ብዙ ነበሩ። ጭማሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ክፍል የተጠራቀመ ወረፋ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ የግል የጤና ዋስትና ካላቸው ሰዎች መካከል በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ አነቃቂ መድኃኒት ያወጡት በ2016 ከነበሩበት 3.6 በመቶ በ2021 ወደ 4.1 በመቶ ደርሰዋል። በጠቅላላው ሲታይ ዱብ ዕዳ የሚባል አይደለም። የሚገርመው ማን ላይ እንደጨመረ ነው። በ2020 እና በ2021 መካከል ከ10 በመቶ በላይ ጭማሪ የታየው ከ15 እስከ 44 ዓመት በሆኑ ሴቶችና ከ25 እስከ 44 ዓመት በሆኑ ወንዶች ላይ ነው። ትንንሽ ልጆች አይደሉም። ፊንላንድ ውስጥም አዲስ የተመረመሩ ሰዎች ቁጥር ከ2020 እስከ 2022 በእጥፍ ገደማ አድጓል፤ እዚያም ጭማሪው የጎላው በወጣት ሴቶች ላይ ነው። ቀድሞ የሚታለፉት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በትክክል፣ ስንቱ በችኮላ እንደተመረመረ አይለይልንም። ማዘዣ መቁጠር ቀላል ነው፤ የማዘዣውን ትክክለኛነት መቁጠር ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ከነዚህ ቁጥሮች ስለ እርስዎ ልጅ ምንም ማውጣት አይቻልም። ባለቤትዎም አይችሉም፣ እኔም አልችልም።

ስለ ቪዲዮው እናውራ። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው እሱ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ከኢንተርኔት ለማዘዝ ሐኪሙ በሽተኛውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ማየት እንዳለበት የ2008 ሕግ ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ በመጋቢት 2020 ለጊዜው ተነሣ። ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ላላ አደረጉ። አንዳንድ የኢንተርኔት ድርጅቶች ይህንን ቀዳዳ እንደ ገበያ ተጠቀሙበት፤ ይህ አይካድም። ግን ቪዲዮ ራሱ ኃጢአት የለበትም። የዚህ ምርመራ ዋናው መሣሪያ ንግግር ነው። በደም አይታይም፣ በራጅ አይታይም። የልጅነት ታሪክ በቪዲዮም ይጠየቃል። እኔም በዚያ ዘመን ብዙ ልጆችን በስክሪን አይቻለሁ፤ መኝታ ክፍላቸውን በማየቴ ብቻ ቢሮዬ ቢመጡ የማላውቀውን የተረዳሁበት ጊዜ አለ።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። መመዘኛው በሁለት ቦታ መታየት አለበት ይላል አልኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለቱ ቦታ አንድ ሆነ። ቤቱ ነው ትምህርት ቤቱ፣ እናትየዋ ናት መምህሯ። ሐኪሙ «ትምህርት ቤትስ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ያው የቤቱ ሰው ነው። ከማስረጃው ግማሹ አልነበረም። ጥሩ ሐኪም ይህን አውቆ ከመዘጋቱ በፊት የነበረችውን መምህርት ፈልጎ አነጋግሯል፤ የድሮ ሪፖርት ካርድ አስልኳል። የቸኮለው በተሰጠው ብቻ ሞልቶ አዝዟል። የልጅዎ ሐኪም የቱ እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ። መዘጋቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ጠይቋል? ከወላጅ ሌላ ሰው አነጋግሯል? ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ጭንቀት ጠይቋል? ሦስቱንም አልጠየቀም ከሆነ፣ ምርመራው ውሸት ነው ማለት አይደለም። አላለቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት መለኪያ ነው። ይህ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያዛባል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቁመትን በ1 ወይም በ2 ሴንቲሜትር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በተቀየረ ቁጥር የልብ ምትና የደም ግፊት ይለካሉ። ከዚያ በየስድስት ወሩ፣ ከቁመትና ከክብደት ጋር። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት በልብ የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በወረርሽኙ ጊዜ ቤት ውስጥ በሚለካ መሣሪያ መከታተል ይቻል ነበር፤ ስንቱ ቤት እንዳደረገው ሌላ ጉዳይ ነው። ደብዳቤዎ ላይ ስለ ክብደትም ስለ ግፊትም አንድ ቃል አላየሁም። እኔን ከምርመራው ቀን ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ቅዳሜና እሁድ አለመስጠታችሁ አደጋ የለውም። ሜቲልፌኒዴት በዚያው ቀን ሠርቶ በዚያው ቀን ይወጣል። ግን ለምን እንደምታደርጉት እወቁት። ክብደቷ ስለቀነሰና ደህና እንድትበላ ከሆነ፣ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ምክንያት ይሆናል። «ትምህርት የለም» ብቻ ከሆነ ግን የ15 ዓመት ልጅ ሕይወት ትምህርት ብቻ አይደለም። ጓደኛ አለ፣ መንገድ መሻገር አለ፣ ሳያስቡ መናገር አለ። የአውሮፓ የኤዲኤችዲ መመሪያ ቡድን በ2020 ለቤተሰቦች ባወጣው ምክር፣ ቤት በተዋለበት ወቅት መድኃኒቱን በየሳምንቱ መጨረሻ ማቋረጥን አልደገፈም። ሌላም ጥሩ ነገር ብሏል። ቤት መዋል ያመጣውን ውጥረት ለማብረድ ተብሎ ከታዘዘው በላይ መጠን እንዳይጨመር፤ ለማረጋጋት ተብሎም ያለ በቂ ምክንያት ማደንዘዣ መሰል መድኃኒት እንዳይሰጥ። ይህ ለማንኛውም ክፉ ጊዜ ይሠራል።

ስለ መድኃኒቱ መጥፋት። ይህን ብዙዎች የሐኪሞች ብዙ ማዘዝ ያመጣው ነው ይላሉ። ከፊሉ ነው። አነቃቂ መድኃኒቶች በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ምን ያህል እንደሚመረት በኮታ ይወሰናል። ፍላጎት ሲጨምር ፋብሪካው እንደ ሌላ ዕቃ እንዳሻው አያመርትም። አንድ አምራች ሲስተጓጎል ሌላው ቶሎ አይሞላውም። በጥቅምት 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አደራል የሚባለውን የሌላ አነቃቂ መድኃኒት እጥረት በይፋ አሳወቀ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2023፣ ብሪታንያ ስለ ሜቲልፌኒዴት፣ እንዲሁም ሊስዴክሳምፌታሚንና ጓንፋሲን ስለሚባሉ ሌሎች የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች እጥረት ማስጠንቀቂያ አወጣች። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሜቲልፌኒዴት እንዲገባ በ2019 እና በ2021 የቀረቡት ጥያቄዎችም ተቀባይነት አላገኙም። አቅርቦቱ በየቦታው እኩል እንዳይሆን ይህም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

እጥረት ሲመጣ የምታደርጉት ይህ ነው። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያለቀ ቀን አይደለም። ቶሎ የሚለቀቀው ዓይነት ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን አስልቶ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። ጥቂት ቀን ብታጡት አትደንግጡ፤ የድሮው መፍዘዝ ይመለሳል እንጂ ሌላ አደጋ ብዙም የለውም። የሌላ ልጅ ማዘዣ መበደር ግን የለም። አነቃቂ ወዳልሆነ መድኃኒት መቀየርም አማራጭ ነው፤ ግን አቶሞክሲቲን በደንብ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በወጣቶችም ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ክትትል ይጠይቃል። ጓንፋሲን ደግሞ በድንገት ሲቆም የደም ግፊት ሊያስፈናጥር ስለሚችል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ለአጭር እጥረት ብዬ ወደ እነዚህ አልሮጥም።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? ምክሬ አንድ ነው፤ ምርመራው ከሥሩ፣ በአካል፣ እንደገና ይሠራ። በዚህ መሀል መድኃኒቱ እንደታዘዘው ይቀጥል።

ይዛችሁ የምትሄዱትን ልንገርዎ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ሪፖርት ካርዶች ፈልጉ። ውጤቱን ሳይሆን መምህሩ ከሥር የጻፈውን። «ትችላለች ግን አትጨርስም»፣ «ዕቃ ትረሳለች»፣ «ሐሳቧ ይበራል» የሚል ከ2020 በፊት ሦስት አራት ቦታ ካለ፣ ለባለቤትዎ ጥያቄ መልስ እሱ ነው። ምንም ከሌለ ደግሞ እሳቸው ሊሰሙ ይገባል። ሁለት የአሁን መምህራን መጠይቅ ይሙሉ። የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ሰዓቷን መዝግቡ። ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት እናንተ ሳትኖሩ ሐኪሙ ብቻዋን ያነጋግራት። ቁመት፣ ክብደት፣ ግፊት፣ የልብ ምት በዚያው ቀን ይለካ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያለ መድኃኒት የሙከራ ጊዜ ሊያቅድ ይችላል። ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ ላልጀመረ ልጅም ቢሆን። ግን በፈተና ሳምንት አይደረግም። በረጅሙ ዕረፍትም አይደረግም፤ ያኔ ትኩረት የሚጠይቅ ነገር ስለሌለ ሁሉም ደህና ይመስላል። ትምህርት ተጀምሮ ከረጋ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል። ከተቻለ አንዱ መምህር ሳይነገረው ይመዝግብ። የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀውን ነው የሚያየው፤ እርስዎም ባለቤትዎም ተከራካሪ ስለሆናችሁ ዳኛ አትሆኑም።

ልዩነት ካልታየ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ማንም አልተሸነፈም። ከወደቀች ትመለስበታለች፤ በዚህ ጊዜ ግን በደንብ በተሠራ ምርመራ። ጭንቀት ወይም ድባቴ ከተገኘ እሱ በራሱ ይታከማል፤ ከኤዲኤችዲ ጋር አብሮ መኖሩም ብርቅ አይደለም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም «ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ንግግር ካለ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

አንድ ነገር ደብዳቤዎ ላይ ፈልጌ አጣሁ። እርስዎ የሚሉት አለ፣ ባለቤትዎ የሚሉት አለ፣ እሷ የምትለው የለም። 15 ዓመቷ ነው፤ ኪኒኑን የምትውጠው እሷ ናት። ስትወስደው ምን እንደሚሰማት፣ ሳትወስድስ ቀኑ እንዴት እንደሚሆን ከቀጠሮው በፊት ጠይቋት። የምትለውን በራሷ ቃል ጽፋ ትምጣ፤ እኔ ብሆን ከሪፖርት ካርዱ ቀጥሎ የማነበው እሱን ነው።